ኳስ ተጫዋች ልጅ ላለዎት አንባቢዬ



ይህን የምጽፈው ወልዲያ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ ወይም ሲሪንቃ ሆነው፣ ማታ ማታ አቧራ ለብሶ ለሚገባ ልጅ በር ለሚከፍቱ ሰው ነው። ልጅዎ ሊሆን ይችላል፤ ወንድምዎ ወይም የእህትዎ ልጅም ቢሆን ያው ነው። ታኬታውን ከአልጋ ሥር ይደብቃል፣ እርስዎም እንዳላዩ ያልፉታል። ለሰው ሳይናገሩ «ይሄ ልጅ እኮ አንድ ቀን ውጭ ወጥቶ ይጫወት ይሆናል» ብለው በልብዎ ያሰቡበት ቀን አለ። አይካዱኝ፤ እኔም አስቤዋለሁ።

ተስፋ ላስቆርጥዎ አልመጣሁም። የሚመኙት ነገር የሚሆን ነገር ነው፤ ለሌሎች ሆኗል። እኔ የምጨነቀው መንገዱን ከየት እንደምንጀምረው ነው። አብዛኞቻችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንጀምረዋለን፦ ቪዛ፣ ቲኬት፣ ውጭ ያለ ዘመድ፣ «ሰው የሚያውቅ ሰው»። መንገዱ ግን ከዚያ በፊት፣ ልጁ ገና 12 ዓመት ሲሞላው፣ ስሙ በትክክል በተጻፈበት መዝገብ ይጀምራል። እዚያ ስሙ ከሌለ፣ እግሩ ምንም ያህል ቢያምር የሚያነሣው ሰው አያገኝም።

«ችሎታ ካለው ማን ያስቀረዋል?» ይሉኛል። ሁላችንም እንላለን። ማስረጃችንም ሳዲዮ ማኔ ነው። ከደቡብ ሴኔጋሏ ባምባሊ መንደር ለቤተሰቡ ሳይናገር ጠፍቶ ዳካር ገባ፣ በተቀደደ ጫማ ለሙከራ ቀረበ፣ ሊቨርፑል ደረሰ እንላለን። እውነት ነው። ስናወራው ግን መሃሉን እንዘለዋለን። ያ ልጅ ዳካር ሲደርስ የተቀበለው ጄኔራሲዮን ፉት የሚባል የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ነው። ማዲ ቱሬ እ.ኤ.አ. በ2000 መሠረተው፤ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ከፈረንሳዩ ሜትዝ ክለብ ጋር ውል አለው። ማኔ በ2011 ሜትዝ የገባው በዚያ ውል ነው። ሳልዝበርግ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ሊቨርፑል የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ዲያፍራ ሳኮ፣ ኢስማኢላ ሳርና ፓፕ ማታር ሳርም በዚያው በር አልፈዋል። አይቮሪ ኮስት ውስጥ ያያ ቱሬንና ኮሎ ቱሬን ያወጣው የአሴክ ሚሞሳ አካዳሚ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነበር። ለምዕራብ አፍሪካ ልጅ ከእኛ ልጅ የተለየ እግር አልተሰጠውም። ከቤቱ ሲወጣ ግን የሚገባበት ሌላ ቤት አለው።

ከእኛ የወጡትንም እንይ። ሳላዲን ሰኢድ ከሙገር ሲሚንቶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ በ2003 ዓ.ም. ወደ ግብጹ ዋዲ ደግላ ሄደ። የዋዲ ደግላና የቤልጂየሙ ሊርስ ባለቤት አንድ ሰው ስለነበር በውሰት ቤልጂየምንም አየ፤ በኋላ ለአል አህሊ ተጫወተ። ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተዛወረ። ሽመልስ በቀለ ከሐዋሳ ተነሥቶ በጊዮርጊስ በኩል አልፎ፣ ግብጽ ውስጥ በፔትሮጀት ለዓመታት ቤተኛ ሆነ። ጋቶች ፓኖም በ2009 ክረምት ለሩሲያው አንዚ ፈረመ፤ ብዙም ሳይሰነብት ተመለሰ። አቡበከር ናስር ደግሞ በ2013 የውድድር ዓመት ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጠረ። ያ ዓመት የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ የተላለፉበት ነው። ጎሎቹን እኛ ብቻ ሳንሆን ጎረቤትም ሩቅም ያለ ሰው አያቸው፤ በ2014 ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው እንጂ፣ መንገዱስ ትክክል ነበር።

ሁሉም ከክለብ ወደ ክለብ ነው የሄዱት። አንድ ነገርም አስተውለው ይሆናል፤ ከጠራኋቸው ውስጥ የወልዲያ ወይም መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ልጅ የለም።

«ታዲያ እኛ ስታዲየም አለን አይደል?» አለን እንጂ። በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመው የወልዲያ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ያልተደሰተ ሰው አላየሁም። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል፤ ብዙ ትልልቅ ከተሞች የሌላቸው ነው። ወልዲያ ከተማ በዚያው ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ ነበር፤ በ2010 መጨረሻ ግን ወረደ። ስታዲየሙን ያመጣልን ወገን ባለ ውለታችን ነው። ይሁንና የ13 ዓመት ልጅ የሚያድገው በወንበር ብዛት አይደለም። የሚያስፈልገው በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚጫወትበት ውድድር፣ ዳኛ፣ ውጤት የሚጽፍ ሰው ነው። ከመርሳ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመርሳ ታዳጊ ከወልዲያ ታዳጊ ጋር በዓመት ስንት ጊዜ ይገናኛል? ውርጌሳና ሲሪንቃስ? የሰፈር ዋንጫ ክረምት ላይ ይዘጋጃል፣ ሁለት ሳምንት ይደምቃል፣ ዋንጫው ለአንዱ ቀበሌ ይሰጣል፣ ከዚያ መስከረም ሲጠባ ሁሉም ይበተናል። ማን ስንት ጎል እንዳገባ በማግስቱ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ደብተር ላሳይዎ። ሀብሩ ውስጥ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን አንድ የፕሮጀክት አሠልጣኝ ነው ያሳየኝ። ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው፣ ጠርዙ በላብ ተጣጥፏል። በየገጹ ስም ተጽፏል፦ አሊ፣ ረጅሙ አሊ፣ መሐመድ ግራኙ፣ የባለ ወፍጮው ልጅ። የማን ልጅ ማን እንደሆነ አሠልጣኙ በቃሉ ያውቃል። ማን በግራ እግሩ እንደሚመታ፣ ማን ሳይበላ እንደሚመጣ፣ ማን ከመጋቢት በኋላ እንደቀረ ሁሉ ይነግርዎታል። ኳስ ሲፈነዳ ከኪሱ ያሰፋል። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ ልጆቻችን ሜዳውንም ባላዩት። ነገር ግን በዚያ ደብተር ላይ የአያት ስም የለም፤ የልደት ቀን የለም። ልጆቹ በፌዴሬሽን አልተመዘገቡም፤ ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ) የላቸውም። መሐመድ ግራኙ ነገ ተነሥቶ አዲስ አበባ ቢፈርም፣ ያ ሰው እንዳሳደገው የሚመሰክር አንዲት ወረቀት አይገኝም።

«ወረቀት ምን ያደርጋል? ልጁ ይውጣ እንጂ!» አይበሉኝ፤ ወረቀቱ ገንዘብም ነው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ በክፍያ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ እኛ ዘንድ በተመዘገበ ክለብ ውስጥ አደገ እንበል። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት 1 በመቶ፣ የቀሩት ሦስቱ 1.5 በመቶ፣ በድምሩ 2.5 በመቶ። ልጁ አድጎ አንዱ የውጭ ክለብ ለሌላው በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጠው 25 ሺህ ዶላር ወደ አሳዳጊው ክለብ ይመጣል። በተሸጠ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይመጣል። ይህ ችሮታ አይደለም፣ ድርሻ ነው። ፊፋ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ክፍያውን የሚያስፈጽም የራሱ ማዕከል አቋቁሟል። ማዕከሉ የሚያየው ግን የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ ነው። «ረጅሙ አሊ» ተብሎ በተጻፈ ደብተር ማንም አይከፍልም። በዚህ ገንዘብ ስንት ኳስ፣ ስንት የመኪና ኪራይ፣ ስንት የአሠልጣኝ ደመወዝ እንደሚሸፈን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

የልደቱንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው። እናት «የተወለደው ማሽላ ሲቆረጥ ነው፣ ኅዳር 2003» ትላለች። ትክክል ነች። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ ኖቬምበር 2010 ይሆናል። ቅጹን የሚሞላው ሰው ግን ለሁሉም 8 እየደመረ 2011 ይጽፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ልጅ የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ ነው 8። ትምህርት ቤቱ አንድ ይጽፋል፣ ፓስፖርቱ ሌላ ይላል፣ ክለቡ ሦስተኛውን ይይዛል። ማንም ሊያታልል አላሰበም፤ ውጭ ያለው ክለብ ግን ሦስት ልደት ያለው ልጅ ሲያይ ፋይሉን ይዘጋል። አገራችን የልደት ምዝገባን በየቀበሌው በሥርዓት የጀመረችው ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ነው፤ ልጅዎ ከዚያ በፊት የተወለደ ከሆነ ይህን የሚያስተካክልለት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቀኑን ለማስተካከል ቀላል የሚሆነው ልጁ ገና የትም ሳይፈርም ነው።

«ሁለት ዓመት ቢቀነስለት ምን አለበት? ሁሉም ያደርገዋል» የሚል ሰው አጠገብዎ እንዳለም አውቃለሁ፤ ምናልባት አሁን አብሮዎት ቡና እየጠጣ ነው። ይንገሩልኝ፦ ፊፋ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ ያስነሣል። ከዚያም የከፋው ጉዳት ግን ልጁ ላይ የሚደርሰው ነው። 18 ዓመቱ ሆኖ ከ16ቶቹ ጋር የሚጫወት ልጅ ጉልበቱን እንጂ ጭንቅላቱን አያሳድግም። ከእኩዮቹ ጋር ሲገጥም ጊዜው አልፎበታል። አጠገቡ ያለው እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ ቦታውን ተቀምቷል፤ እሱም የአንድ ቤት ልጅ ነው።

አሁን ወደ «ኤጀንቱ» እንምጣ። መጥቷል አይደል? ወይም ሊመጣ ነው። ስልኩ ላይ ከታዋቂ ተጫዋች ጋር የተነሣው ፎቶ አለው፤ ለሙከራ፣ ለቪዛ፣ ለማረፊያ እያለ ገንዘብ ይጠይቃል። «የታወቀ ሰው ነው፣ የአክስቴ ጎረቤት ነው» ይሉኛል። ለሰው ያለዎትን እምነት አከብራለሁ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁት። መጀመሪያ ልጁ 18 ሞልቶታል? ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዲዛወር አይፈቅድም፤ ስለዚህ ለ15 ዓመት ልጅ «ክለብ አግኝቼለታለሁ» የሚል ሰው ወይ ደንቡን አያውቅም ወይ አውቆ ነው። ቀጥለው የፊፋ ፈቃዱን ያሳይዎ፤ ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ስም ዝርዝር በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው፣ ልጅዎ ራሱ በስልኩ ያወጣልዎታል። በመጨረሻም የክለቡን የግብዣ ደብዳቤ ይጠይቁ። እውነተኛ ወኪል ድርሻውን የሚያገኘው ልጁ ፈርሞ ደመወዝ ሲቆረጥለት ነው፤ ላም አሽጦ አይደለም።

ማጋነን እንዳይመስልዎ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከላይቤሪያ የተወሰዱ ታዳጊዎች እስያ ውስጥ ላኦስ ተገኝተው ነበር። አካዳሚ ተብሎ ነበር የሄዱት። ሲደርሱ ያገኙት ደመወዙ የማይከፈልበት የስድስት ዓመት ውልና መሬት ላይ መተኛት ነው። እነሱም እናት ነበራቸው፣ ያመኑትም ሰው ነበር። ካሜሩናዊው የቀድሞ ተጫዋች ዣን ክሎድ ምቡሚን ፓሪስ ውስጥ ፉት ሶሊዴር የተባለውን ማኅበር በ2000 (እ.ኤ.አ.) የመሠረተው እንዲህ ለተጣሉ ልጆች ነው።

ለሀብሩ ሰው ስለ ደላላ መንገር ግን ለእረኛ ስለ ጅብ እንደ መንገር ነው። ከየቤቱ በጅቡቲ ኦቦክ በኩል፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሄደ አለ። የደረሰ ቤት ሠርቷል፤ ያልደረሰም አለ። ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በየመንና በሳዑዲ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መገደላቸውን ገልጿል። እንግዲህ «ከዚያ ከዚያ ኳሱ አይሻልም?» ሲሉኝ፣ ይሻላል እላለሁ፤ ደላላው አንድ እስካልሆነ ድረስ። ልጁን የሚያወጣው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና አድራሻውን በወረቀት ካላስቀመጠ፣ በታኬታም ይሂድ በሸራ ጫማ ያው በረሃ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄዎ ይህ ነው፦ «በዚህ ጊዜ ስለ ኳስ ይወራል?» ወልዲያና መርሳ በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ያሳለፉትን የጦርነት ወራት እኔም እርስዎም እናውቃለን። ከ2015 ክረምት ወዲህም በክልላችን ሰላም አልተመለሰም። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ሰው ይቀበራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ዝውውር ሕግ መጻፍ ነውር የመሰለኝ ቀን ነበር። ግን ልጆቹ አልቆሙም። ትምህርት በተዘጋበት ወራት እንኳ ወደ ሜዳ ወጥተዋል፤ ሌላ የሚሰበሰቡበት ስለሌለ። ያ አሠልጣኝ ደብተሩን በዚያም ጊዜ ይዞ ነበር። የ14 ዓመት ልጅ ሌላ የሚጠራው ሰው በበዛበት ዘመን፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት «ና» የሚለው አሠልጣኝ መኖሩ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ሴት ልጅስ?» ብለው ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስላልጠየቁኝ እኔው ልመልስ። ሎዛ አበራ የከምባታዋ ዱራሜ ልጅ ናት። ከደደቢት ተነሥታ ስዊድን፣ ከዚያ ማልታ ሄደች፤ በቢርኪርካራ ማልያ ሻምፒዮን ሆና በኮከብ ግብ አግቢነት ጨረሰች። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለአሜሪካው ዲሲ ፓወር ፈረመች። መርሳ ሜዳ ጠርዝ ላይ ቆማ የወንድሟን ቦርሳ የምትይዘው ልጅ ምናልባት ከወንድሟ የተሻለ ትመታለች። አንድ ቀን ቦርሳውን ይቀበሏትና ይዩ።

ትምህርቱንም አልረሳሁትም፤ ይህን ደብዳቤ ማንበብ ሲጀምሩ በመጀመሪያ የመጣብዎ እሱ ነበር። ማኔም ከዳካር ወደ ቤቱ ሲመለስ ከወላጆቹ ጋር የተስማማው የዚያን ዓመት ትምህርት ሊጨርስ ነው። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ መርሳ ላይ ግቢው አለ። ውል የሚያነብ፣ እንግሊዝኛ የሚሰማ፣ የደመወዙን ግብር የሚያሰላ ልጅ ውጭ አገር አይወድቅም። ቢጎዳና ቢመለስም ባዶ እጁን አይሆንም። አብሽሩ፣ ኳሱ ከደብተሩ ጋር አልተጣላም።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳው ይውጡ። አሠልጣኙን ሰላም ይበሉት፣ ለአንድ ኳስ የሚሆን ቢያዋጡለት ደግሞ ይመረቃሉ። ልጅዎ በደብተሩ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ያሳይዎ፤ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ፣ የልደት ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ያስጽፉለት። ከዚያ ሁለት ሦስት ወላጅ ሆነው ወደ ወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ቡድኑ በፌዴሬሽን እንዲመዘገብ፣ ከወልዲያ ታዳጊዎች ጋርም ቋሚ ውድድር እንዲኖረው ይጠይቁ። «ነገ ኑ» ይሏችኋል፤ ነገም ይሂዱ። የተባሉትን ይጻፉልኝ፤ እኔም በወልዲያ በኩል የምችለውን ይዤ እጠብቅዎታለሁ።

አክባሪዎ